በረዶው ሲናገር እኛ ዝም አልን
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር

 

የማኅበሩ አስተባባሪዎች ከጸባ በኋላ ስላደረግሁት ጉዞ እንድናገር ሲጠይቁኝ ፎቶ ይዤ እንድመጣ ነበር የፈለጉት። ፎቶ አለኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ተራራው ነጭ፣ እኛም አምስታችን እየሳቅን። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ፎቶው ላይ ስለማይታየው ነገር ነው፤ ከዚያ ነጭ በረዶ ሥር ስለነበረው። ርዕሴ የበረዶ ናዳ ነው፤ በዕብራይስጥ ማፖሌት ሽላጊም የምንለው።

«በረዶ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ በአማርኛ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም፣ እንደ ጥጥ የሚዘንበውንም ሁሉንም በረዶ ብለን እናልፈዋለን። ልጆቹ ደግሞ ሼሌግ ይሉታል። ነገር ግን በረዶ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ተጓዥ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ አግኝቶ ገልብጦ ነበር። ጽሑፉ የአንድ የአክሱም ንጉሥ የዘመቻ ታሪክ ነው። ንጉሡ የስሜንን ተራሮች ሲገልጽ በረዶው ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት ነው ይላል። ስሜን ደግሞ የብዙዎቻችን አያቶች የኖሩበት አገር ነው። እንግዲህ ስለ በረዶ ብናወራ ከዘራችን የወጣ ወሬ አይሆንም።

ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉት ወጣቶች ብዙዎቹ ጸባን ጨርሰው ረጅም ጉዞ ይሄዳሉ። ብዙ ጊዜም የሚሄዱት ወደ ተራራ ነው። በኦክቶበር 2014 በኔፓል፣ አናፑርና አካባቢ፣ ቶሮንግ ላ በሚባለው 5,416 ሜትር ከፍታ ባለው ማለፊያ ዙሪያ ድንገተኛ የበረዶ ማዕበልና ናዳ መጥቶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት መካከል ከእስራኤል የሄዱ ተጓዦች ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ያ ድምፅ

እኔ የሄድሁት ወደ ጆርጂያ ነው። ከትብሊሲ ወደ ሰሜን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘን የካውካሰስ ተራሮች ላይ ጉዳውሪ የሚባል የስኪ ቦታ ደረስን። ከዚህ አገር ብዙ ሰው ይሄዳል፤ ቅርብ ነው፣ ርካሽም ነው።

አምስት ነበርን፤ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ለስኪ ከተከለለው ቦታ አልወጣንም። በአራተኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ብዙ በረዶ ሲጥል አደረና ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ከምልክቶቹ ማዶ ማንም ያልረገጠው ነጭ ተዳፋት ይታየናል። «እዚያ እንሂድ» አልሁ። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ከሌሎቹ በፊት ሁለት ክረምት ስኪ ስለሞከርሁ፣ በጸባም የቡድን አዛዥ ስለነበርሁ፣ ማንም ሳይመርጠኝ መሪ ሆኜ ነበር።

ከስኪያችን ሥር ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘውን ጨርቅ ለጥፈን ሽቅብ መውጣት ጀመርን። ከተዳፋቱ ግርጌ ስንደርስ ከእግራችን ሥር «ውምም» የሚል ድምፅ ወጣ። እንደ ነጎድጓድ አይደለም። ዝቅ ያለ፣ ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ ድምፅ ነው። የቆምንበት በረዶም ትንሽ ዝቅ አለ። ሁላችንም ሰማነው። ሁላችንም ቆምን። ማንም አልተናገረም።

በመጨረሻ ከመካከላችን ታናሿ «ያ ድምፅ ምን ነበር?» አለች። የጠየቀችው እኔን ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የመለስሁላት ግን «ምንም አይደለም፤ አዲስ በረዶ ሲረጋጋ እንዲህ ያሰማል» ብዬ ነው።

ይህን እዚህ ቆሜ ስናገር አሁንም ያሳፍረኛል። አላውቅም ማለት አቅቶኝ ነው እኮ ከኪሴ እውቀት አውጥቼ የሰጠኋት።

እሷም ፊቴን አየችኝና «ካላወቅህ አላውቅም በል። እኔ ከዚህ በላይ አልሄድም» ብላ ስኪዋን አዞረች። ሁለተኛዋም ተከተለቻት። እኛ ሦስታችን ተያየን። ሴቶቹን ጥለን መሄድ ነውር ስለሆነብን ተመለስን። ገብቶን አልነበረም የተመለስነው፤ ተናደን ነበር። ማታ ራት ላይ እንኳ በደንብ አላናገርናትም።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ሰው ወደ ተራራ እየመሩ ይሠሩ ነበር። ስለ ድምፁ ስንነግራቸው ሹካቸውን አስቀመጡ። «ስንት አካፋ ነበራችሁ?» አሉን። «አንድ» አልናቸው። ከዚያ በላይ አልጠየቁንም። «ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ትወጣላችሁ» ብለው ተነሡ።

የተደራረበ እንጀራ

በማግሥቱ ሽማግሌው ተዳፋቱ ለዘብ ወዳለ፣ ከበላዩም የሚያሰጋ ነገር ወደሌለበት ቦታ ወሰዱንና አስቆፈሩን። እስከ መሬቱ ድረስ ቆፈርን። ከዚያ የጉድጓዱን አንዱን ግድግዳ በአካፋ ልስልስ አድርገው ቆረጡትና «እዩ» አሉን።

እኔ በረዶ አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እንደ መሶብ እንጀራ ድርብርብ ነው። እያንዳንዱ ጥለት የየራሱ ቀን አለው፤ ይህ በነፋስ ቀን የመጣ ነው፣ ይህ ፀሐይ ነክቶት እንደገና የረጋ ነው፣ ይህ የትናንት ወዲያ ሌሊቱ ነው። ክረምቱ ሙሉ እዚያ ግድግዳ ላይ ተጽፏል።

አሁን አስቡት። እናቶቻችን እንጀራ ሲደራርቡ አንዱ ከሌላው ጋር ይያያዛል፤ መሶቡን ብታዘነብሉት በቀላሉ አይንሸራተትም። በመካከል ግን ደረቅ ዱቄት ብትነሰንሱበትስ? ከላይ ያለው ሁሉ ባንድ ላይ ሸርተት ይላል። ናዳ ማለት ይህ ነው። ከላይ እርስ በርሱ የተያያዘ፣ እንደ ሰሌዳ የጠጠረ ጥለት አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ያልተያያዘ ደካማ ጥለት አለ። ቦታው ካዘነበለና የሚነካው ነገር ከመጣ ሰሌዳው ተሰንጥቆ ይሄዳል።

ደካማው ጥለት እንዴት ይፈጠራል? ሁለት ዋና መንገድ ልንገራችሁ። አንደኛው አመዳይ ነው። ሰማይ በጠራበት ብርዳም ሌሊት በበረዶው ገጽ ላይ የሚያብለጨልጭ ላባ የመሰለ ውርጭ ይበቅላል። ሲያዩት ያምራል። ችግሩ በላዩ ሌላ በረዶ ሲወርድበት ነው፤ ላባው እንደቆመ ተቀብሮ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛው ከመሬቱ አጠገብ የሚሆነው ነው። በክረምቱ መጀመሪያ በረዶው ገና ሳስቶ ሳለ ከሥሩ ያለው መሬት ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፤ ከላይ ያለው አየር ግን በጣም ይቀዘቅዛል። በዚህ የሙቀት ልዩነት ምክንያት እንፋሎት ከታች ወደ ላይ ይሳባል፤ የበረዶውም ቅንጣቶች ተለውጠው እንደ ስኳር ይሆናሉ። ሽማግሌው ከጉድጓዱ ሥር በእፍኛቸው ዘግነው ሰጡኝ፤ በጣቶቼ መካከል ፈሰሰ። ኳስ ላድርገው ብል እምቢ አለኝ። በዚህ ስኳር ላይ ነበር እኛ ትናንት ልንሄድ ያሰብነው።

ከዚህ የተማርሁት አንድ ነገር አስገርሞኛል። «ዘንድሮ በረዶው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ አያሰጋም» የሚል ሰው ይሳሳታል። ሳስቶ የቆየ በረዶ ነው ደካማውን ሥር የሚሠራው።

ከዚያ ሽማግሌው 30 ሴንቲ ሜትር በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዓምድ ከበረዶው ቆርጠው አቆሙ። አካፋውን በዓምዱ አናት ላይ አድርገው በእጃቸው ይመቱት ጀመር፤ መጀመሪያ ከእጅ አንጓ 10 ጊዜ፣ ቀጥሎ ከክርን 10 ጊዜ፣ መጨረሻ ከትከሻ 10 ጊዜ ነው ሥርዓቱ። እስከ ትከሻው አልደረሱም። በ13ኛው ምት የላይኛው ጥለት እንደ መሳቢያ ሸርተት ብሎ ጭናቸው ላይ መጣ። ማናችንም ትንፍሽ አላልንም።

«ያ የሰማችሁት ድምፅ» አሉን፣ «ይህ ስኳር ከሥራችሁ ሲፈርስ ነው። በረዶው ከዚህ በላይ እንዴት ብሎ ይንገራችሁ?»

የሚታየውን ማየት

ከዚያ በኋላ በነበረው ክረምት ለአራት ቀን ኮርስ ወሰድሁ፤ ብዙም አነበብሁ። ተራራ ላይ በስኪ የሚጓዙ ሰዎች ምን ምን እንደሚያዩ ባጭሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ተዳፋቱን ያያሉ። ሰሌዳው ተሰንጥቆ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ቦታ ነው። 30 ዲግሪ ማለት የተለመደ የሕንፃ ደረጃን ያህል ነው። ስልካችሁ ላይ በሚገኝ መለኪያ ይታወቃል። ከዚያ በታች የለዘበ ቦታ፣ ከበላዩም ገደል ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ ብዙ ታተርፋላችሁ።

ቀጥሎ የአየሩን ታሪክ ይጠይቃሉ። ባለፈው ቀንና ሌሊት ስንት ጣለ? ነፋሱ ከየት ነፈሰ? ነፋስ በረዶን ከተራራው አንድ ጎን ጠርጎ በሌላው ጎን ይቆልለዋል፤ ሰማይ ምንም ሳይጥል ጭነቱ ሊጨምር ይችላል። ሙቀቱስ ድንገት ጨምሯል ወይ?

ከዚያ ሦስት ምልክቶችን ይጠብቃሉ። አንድ፣ በአካባቢው በቅርቡ የወረደ ናዳ። ሁለት፣ ከስኪው ጫፍ እየሮጠ የሚሰነጠቅ በረዶ። ሦስት፣ ያ «ውምም» የሚለው ድምፅ። ከሦስቱ አንዱ ከታየ ወይም ከተሰማ፣ ከተዳፋቱ መራቅ ነው እንጂ ክርክር የለም። ጉድጓድ ቆፍሮ መፈተንም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጉድጓዱ የሚነግራችሁ የዚያችን ቦታ ብቻ ነው። ከሃያ እርምጃ በኋላ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈተናው «አትሂድ» ካለ ይታመናል፤ «ሂድ» ካለ ግን ብቻውን አይታመንም።

አራተኛው ለእኔ ዋናው ነው፤ ያዩትን ለሌላው ይናገራሉ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከዳቮስ ከተማ በላይ ቫይስፍሉዮኽ በሚባል ተራራ ላይ ከ1936 ጀምሮ በረዶን የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። በ1950 እና በ1951 መካከል በነበረው ክረምት በዚያች አገር ብቻ 98 ሰዎች በናዳ ሞተዋል። ዛሬ ከየሸለቆው በየቀኑ ወደ ዳቮስ የሚልኩ የሠለጠኑ ተመልካቾች አሉ፤ «እዚህ ይህን ያህል ጣለ፣ እዚህ ናዳ ወረደ፣ እዚህ በረዶው ተሰነጠቀ» ይላሉ። የግል ተጓዦችም ያዩትን ይጨምራሉ። ከዚህ ሁሉ ተሰብስቦ የቀኑ ማስጠንቀቂያ ይወጣል።

ማስጠንቀቂያው አምስት ደረጃ አለው፤ አንድ ዝቅተኛ፣ አምስት እጅግ ከፍተኛ ነው። ታዲያ ሰው በብዛት የሚሞተው በየትኛው ይመስላችኋል? በሦስተኛው ነው። አራትና አምስት ሲሆን ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ሦስት ሲባል ግን «መካከለኛ ነው፣ ምንም አይል» ይልና ይወጣል። ሦስት መካከለኛ አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻውን ረግጦ ናዳ ሊያስነሣ የሚችልበት ደረጃ ነው። እንዲያውም ሰው ከሞተባቸው ናዳዎች ከ10 በ9ኙ ገደማ ናዳውን ያስነሣው ራሱ ሟቹ ወይም አብሮት የነበረ ሰው ነው። ናዳ ከሰማይ የሚወርድ ዕጣ ብቻ አይደለም ማለት ነው። እኛው ነን የምንቀሰቅሰው።

አሥር ደቂቃ

እናቶች፣ ይህን ክፍል ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም የምናገረው። ግን ሳልናገረው ባልፍ ልክ አይሆንም።

ናዳ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል። ሮጦ ማምለጥ የለም። ሲቆም ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል። አንድ ሜትር ኩብ የናዳ በረዶ ከ300 እስከ 500 ኪሎ ይመዝናል። የተቀበረ ሰው ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም፤ አብዛኛው የሚሞተው አየር አጥቶ ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከተቆፈረ ከ10 ሰዎች 9ኙ ገደማ ይተርፋሉ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን የሚተርፈው ከሦስት አንዱ ገደማ ነው።

ሄሊኮፕተር በ10 ደቂቃ ውስጥ የመድረስ ዕድሉ ትንሽ ነው። ስለዚህ የሚያወጣህ አብሮህ ያለው ሰው ነው። ለዚህ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ከሰውነት ጋር የሚታሰር፣ በ457 ኪሎ ኸርዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ፣ በረዶውን ወግቶ የሚፈልግ ተጣጣፊ ረጅም ዘንግ፣ እና አካፋ። ሦስቱም ለእያንዳንዱ ሰው። የእኔ አካፋ አንተን እንጂ እኔን አያወጣኝም፤ እኔን የሚያወጣኝ ያንተ አካፋ ነው። አሁን ሽማግሌው ለምን ስለ አካፋ ብቻ እንደጠየቁን ይገባችኋል። አምስት ሰው፣ አንድ አካፋ። እሱም በእኔ ጀርባ ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከፊት ነበርሁ። እኔ ብቀበር አካፋውም ከእኔ ጋር ይቀበር ነበር።

አዋቂዎችም ይሞታሉ

«ይህ ሁሉ የሚሆነው ጀማሪ ሲሆን ነው» የሚል ካለ አንድ ታሪክ ልንገረው። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 2012 በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት፣ ስቲቨንስ ፓስ ከሚባለው የስኪ ቦታ ጀርባ፣ ተነል ክሪክ በሚባል ሸለቆ 16 ሰዎች ተሰባስበው ነበር። አብዛኞቹ በዚህ ነገር የበሰሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ኑሯቸው ስኪ ነው። ባለፉት ቀናት ብዙ በረዶ ጥሏል፤ ከሥሩ የተቀበረ አመዳይ ነበረ፤ ማስጠንቀቂያውም ወጥቷል፤ ብዙዎቹም ያውቁ ነበር። ናዳው ወረደና ሦስት ሰዎች ሞቱ። አንዲት ሴት ደግሞ በጀርባዋ ያዘለችው የአየር ከረጢት ተነፍቶ ስለረዳት ተርፋለች።

በኋላ የተረፉት ሲናገሩ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሆዳቸው ፈርቶ ነበር። «ሰዉ በዝቷል» ብለው አስበዋል። ግን እያንዳንዱ ሌላውን አየና «እነዚህ ሁሉ አዋቂዎች እያሉ እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ዝም አለ።

ኢያን ማካሞን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ1972 እስከ 2003 በአሜሪካ የደረሱ 715 የናዳ አደጋዎችን መርምሯል። ያገኘው ነገር ስለ በረዶ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰው ነው። ሰዎች አደጋው ፊት ለፊት እየታያቸው ይገቡበታል። ለምን? «ይህን ቦታ አውቀዋለሁ» ብለው። በሌሎች ፊት ላለማነስ። የጀመሩትን ለመጨረስ። አዋቂ የተባለውን ሰው አምነው። ሌላ ቡድን እዚያው ስላለ። ሌላው ቀድሞ ያልተነካውን በረዶ እንዳይወስድባቸው። እኔ ይህን ሳነብ ስማችን የተጻፈ መሰለኝ። ለሁለቱ ጓደኞቼ «አዋቂ የተባለው» እኔ ነበርሁ።

እኛ ዘንድ «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ለብዙ ነገር እውነት ነው፤ ከትልቅ ፊት አለመቅደም፣ ቃልን መመጠን የአባቶቻችን ጨዋነት ነው። ተራራ ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ያየኸውን ሳትናገር ስትቀር ትሕትና አይደለም፤ ለጓደኛህ ያልሰጠኸው አካፋ ነው።

አባቴ የጠየቁኝ

አባቴ የጸለምት ሰው ናቸው። ይህን ታሪክ የነገርኋቸው ከተመለስሁ ከወራት በኋላ ነው። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ስለ በረዶው ብዙም አልጠየቁኝም። «ከፊት የሄደው ማን ነበር?» ነው ያሉኝ። «እኔ» አልኋቸው።

ትንሽ ቆዩና በልጅነታቸው ወንዝ ስለመሻገር ነገሩኝ። ክረምት ላይ ወንዝ ሲሞላ ሰው የሚወስደው የሚያጓራው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ከላይ የተኛ የሚመስለውም ይወስዳል። ስለዚህ አንዱ በዱላ ጥልቀቱን እየለካ ይቀድማል፤ ሌላው ዳር ቆሞ ከላይ ግንድ ወይም ደራሽ እንዳይመጣ ያያል። ሁሉም ባንድ ጊዜ አይገቡም። ጠዋት የተሻገረ መንገደኛ ከተገኘ ይጠየቃል፤ እሱም ያየውን ሳይናገር አያልፍም።

«ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ግን» አሉኝ አባቴ፣ «ከዚያ በኋላ መንገድ አይጠየቅም።»

እኔ አራት ቀን ኮርስ ከፍዬ የተማርሁትን አባቴ ከተከዜ ገባሮች ዳር ተምረውታል። አንድ በአንድ መሻገር፣ አንዱ ሲሻገር ሌላው ማየት፣ የቀደመውን መጠየቅ፣ ያዩትን መናገር። የስኪ ተጓዦችም አደገኛ ተዳፋትን የሚያቋርጡት እንዲሁ ነው፤ አንድ ሰው ይሄዳል፣ የቀሩት ደህና ቦታ ቆመው ዓይናቸውን ከእሱ አያነሡም። ከናዳው በኋላ የት እንደጠፋ የሚያውቅ ዓይን ያስፈልጋልና።

ማንም አላመሰገነንም

«ታዲያ ያ ተዳፋት በመጨረሻ ወረደ ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እዚያ በቆየንባቸው ቀናት አልወረደም። በሦስተኛው ቀን ሌሎች ሰዎች ተንሸራተውበት በሰላም ሲደርሱ በዓይናችን አየን። ከጓደኞቼ አንዱ «አየህ? ምንም አልነበረም!» አለ።

ወጣቶች፣ ይህቺን ነጥብ አስተውሉልኝ። በረዶ ስትሳሳት ሁልጊዜ አይቀጣህም። በአደገኛ ተዳፋት ዘጠኝ ጊዜ አልፈህ ዘጠኝ ጊዜ በሰላም ልትገባ ትችላለህ፤ አንተም «አዋቂ ሆንሁ» ትላለህ። ተምረህ ሳይሆን ተምረህ ሳትማር ነው የቆየኸው። ከተመለስህ ደግሞ ትክክል እንደነበርህ የሚነግርህ የለም። ላልወረደ ናዳ ሜዳሊያ አይሰጥም። ስለዚህ ውሳኔህን በውጤቱ አትለካው፤ ስትወስን ባየኸውና በሰማኸው ለካው። እኛ ያን ቀን የሰማነው «ውምም» ነው። በዚያ ከሆነ፣ ልክ የነበረችው አንዲት ሰው ብቻ ናት።

ለወጣቶች የምለው ይህ ነው። ሂዱ፤ ተራራ ውጡ። ሔርሞን ላይም ሆነ ሌላ አገር፣ በተከለለውና በሚጠበቀው ቦታ ስኪ መሄድ ሌላ ነገር ነው። ከክልሉ ውጪ ለመውጣት ከፈለጋችሁ ግን አስቀድማችሁ ተማሩ፣ የአካባቢውን ማስጠንቀቂያ አንብቡ፣ የአገሩን ሰው ጠይቁ፣ ሦስቱን መሣሪያ ያዙ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ተለማመዱባቸው። ከሁሉ በፊት ደግሞ አንድ ስምምነት አድርጉ፤ ከመካከላችሁ አንድ ሰው «እንመለስ» ካለ ሁላችሁም ትመለሳላችሁ፣ ምክንያቱም የሚጠየቀው ቤት ከገባችሁ በኋላ ነው። ድምፅ አይሰጥበትም። ያለው ሰው ታናሽ ቢሆንም፣ ጸባ ውስጥ ቢሮ የሠራ ቢሆንም፣ ስኪ ትናንት የጀመረ ቢሆንም።

ለወላጆች ደግሞ እንዲህ እላለሁ። «አትሂድ» ብትሉን እንሄዳለን፤ ታውቁታላችሁ። ይልቅስ ጠይቁን። «የዛሬው ማስጠንቀቂያ ስንት ነው? አካፋ የሌለው ማን ነው? አንዱ እንመለስ ቢል ትመለሳላችሁ ወይ? ስንት ሰዓት ትደውላለህ?» በሉን። መልስ ካጣን እኛው ራሳችን እንሰማዋለን። ቤት ውስጥም ልጅ «ይህ ነገር አስፈራኝ» ሲል «ዝም በል፣ ጎበዝ ሁን» አንበለው። ዛሬ ቤት ውስጥ «ፈራሁ» ማለት የተፈቀደለት ልጅ ነገ ተራራ ላይ አምስት ሰው ያድናል።

ያቺን ልጅ ይቅርታ የጠየቅኋት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ዘግይቻለሁ። ስደውልላት ሳቀችብኝና «እኔ እኮ ምንም አላውቅም ነበር፤ ጥያቄ ነው የጠየቅሁት» አለችኝ። አዎ፤ እኛም የጎደለን እሱ ነበር። አሁን ክረምት በመጣ ቁጥር ከሰዎች ጋር ስወጣ መጀመሪያ የምለው «አላውቅም፤ እስቲ እንይ» ነው። አንድም ሰው እስካሁን ለዚህ ብሎ የናቀኝ የለም።

 እግዚአብሔር መንገዳችሁን ይጠብቅ፤ የሄዳችሁትም በሰላም ተመለሱ።